የድሮ ቆጥ ስታድሱ ከጣሪያው ጀምሩ፣ ኮርኒሱን መጨረሻ አድርጉት

አንድ ጥያቄ በየሳምንቱ ይደርሰኛል። «ቤቱን ስንገዛው ቆጥ ነበረው። ልጆቹ አደጉ፣ ክፍል ጠበበን፣ ቆጡን አድሰን መኝታ ልናደርገው ነው። ስንት ቺፕውድ ይበቃናል?» ጠያቂው ከካራም ይሁን ከአስኮ፣ ከለቡም ይሁን ከሰበታ ወይም ከለገጣፎ፣ መልሴ አንድ ነው፦ ቺፕውድ የሚቆጠረው ስምንት ሥራ ካለቀ በኋላ ነው።

ታድሰው ዳግም የተበላሹ ቆጦችን ስከፍት የማገኘው ነገር ይመሳሰላል። የሚያፈስ ጣሪያና የደከመ እንጨት በአዲስ ኮርኒስ ተሸፍኗል። ሐምሌ ሲገባ ኮርኒሱ ያብጣል፣ በሁለተኛው ዓመት ወለሉ መሀል ላይ ይረግባል፣ ባለቤቱም ሁለት ጊዜ ይከፍላል። የሥራው ቅደም ተከተል ይህን ያስቀራል።

መመሪያው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የብሎኬት ወይም የጭቃ ግድግዳና የእንጨት ቆጥ ላለው ቤት ነው። ለስሌት እንዲመቸን 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቆጥ እንውሰድ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

መሣሪያ፦ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ቱምቢ፣ ስኳድራ፣ ሲባጎ፣ ጠመኔ፣ ጠንካራ ባትሪ፣ ካቻቪቴ፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ መጋዝ፣ ድሪል፣ የኤሌክትሪክ ቴስተር፣ ቢያንስ ሁለት ፑንቴሎ (ከሥር የሚደግፍ የብረት ቋሚ፤ ካጣችሁ ወፍራም የባህር ዛፍ ቋሚ)።

ለራሳችሁ፦ የአቧራ ማስክ፣ ጓንት፣ መነጽር፣ ታችኛው ወፍራም ጎማ የሆነ ጫማ። የድሮ ቆጥ አቧራ ውስጥ የአይጥ ኩስና የምስጥ ብናኝ አለ፤ ያለ ማስክ አትግቡ።

ለጣሪያ፦ የጎማ ዋሸር ያለው የቆርቆሮ ቪቴ፣ ለውጭ የሚሆን ሲሊኮን፣ የሚቀየረውን ያህል ቆርቆሮ። ጌጅ (የቆርቆሮው ውፍረት ቁጥር) ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅ ከ35 ጌጅ ይወፍራል።

ለወለል፦ 5 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በደንብ የደረቀ እንጨት፤ ለ3 በ4 ሜትር ወለል በየ40 ሳንቲ ሜትሩ 11 ይገባል። 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ከሰፊ ዋሸር ጋር፣ ጣውላ፣ የእንጨት ቪቴ።

ለውስጥ፦ ሞራሌ (ኮርኒሱ የሚታሰርበት ቀጭን እንጨት)፣ የመስታወት ሱፍ (ሙቀትና ድምፅ የሚቀንስ)፣ የወንፊት ሽቦ፣ ጂፕሰም ቦርድ፣ የፕላስቲክ ሽፋን፣ የኤሌክትሪክ ገመድና መከለያ ቱቦ።

እንጨቱን ዛሬ አይታችሁ ዛሬ አትግጠሙ። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩንም ይለቃል። በጥላ ሥር በየመሀሉ ስስ እንጨት እያስገባችሁ ደርድሩትና አየር ይግባው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሸጥ የፈረሰ ቤት እንጨት ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ይሻላል፣ ደርቆ ጨርሷልና። የምስጥ ቀዳዳ እንደሌለውና ሚስማሩ ተነቅሎ ማለቁን ግን በዓይናችሁ እዩ።

1. ባዶ አድርጉትና መርምሩት

በቆጡ ላይ ያለውን ሁሉ አውርዱ፤ ሻንጣ፣ ጀሪካን፣ እህል፣ አሮጌ ፍራሽ። ዕቃው ያለበት ወለል መርገቡን ይደብቃል፣ ዕቃው የተደገፈበት ግድግዳም ስንጥቁን።

ከዚያ ፀሐይ ባለበት ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ፣ መስኮቱን በሙሉ ዝጉና በጨለማው ውስጥ ቀና በሉ። ቆርቆሮው ቀዳዳ ካለው እንደ ኮከብ ያበራል። እያንዳንዱን በቅርብ ባለው እንጨት ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ምልክቱ እንጨት ላይ ይሁን፤ ቆርቆሮው ሊቀየር ይችላል፣ እንጨቱ ግን ቦታውን ያሳያችኋል።

የወለሉን መርገብ ለማወቅ ሲባጎ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በወለሉ አግዳሚ ሥር ወጥራችሁ እሰሩ። 3 ሜትር በሚዘረጋ አግዳሚ መሀሉ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከረገበ፣ ወይ እንጨቱ ደክሟል ወይ ከመጀመሪያውም ቀጭን ነበር።

ቁመቱንም አሁን ለኩ። በኋላ የአየር ክፍተቱ 5፣ ሱፉ 5፣ ቦርዱ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ይወስዳል፤ በድምሩ ከ11 ሳንቲ ሜትር በላይ ማለት ነው። ወራጆቹ (ከጣሪያው አናት ወደ ግድግዳ የሚወርዱት እንጨቶች) ወፍራም ከሆኑና ክፍተቱም ሱፉም በመሀላቸው ከገባ የሚቀነሰው ያንሳል። ዛሬ መሀሉ ላይ 1.90 ሜትር የሆነ ቆጥ ነገ ቀጥ ብለው የማይቆሙበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ክፍሉን ለመኝታና ለጽሕፈት ብቻ አስቡት፤ አልጋውን ዝቅ ባለው በኩል፣ መተላለፊያውን በመሀል።

የግድግዳውን ስንጥቅ ችላ አትበሉ። በከተማው ዳርቻ ብዙው ቤት፣ በተለይ በለቡ፣ በጀሞ፣ በአቃቂና በሰሚት አካባቢ፣ ዋልካ ላይ ነው የተሠራው። ጥቁሩ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ ቤቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። በስንጥቁ ላይ ትንሽ ጄሶ ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት። ከሳምንታት በኋላ ጄሶው ራሱ ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው።

> ማስጠንቀቂያ፦ ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ከሆነ፣ ወይም በቱምቢ ስትለኩት ግድግዳው ወደ ውጭ ካዘነበለ፣ እዚህ ላይ ቁሙና መሐንዲስ ጥሩ። በእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ የቆጥ ጭነት መጨመር ቤቱን በቤተሰቡ ላይ ማፍረስ ሊሆን ይችላል።

2. ፈቃዱንና ወቅቱን አስተካክሉ

የተበላሸ ጣውላ መቀየርና ቀለም መቀባት አንድ ነገር ነው፤ አግዳሚ መቀየር፣ ጣሪያ ከፍ ማድረግ፣ መስኮት መክፈት ሌላ ነው። መዋቅር የሚነካ ነገር ካለ ከመጀመራችሁ በፊት የአካባቢያችሁን የግንባታ ፈቃድ ክፍል ጠይቁ። በአዲስ አበባ ሥር ከሆናችሁ ወረዳችሁን ወይም ክፍለ ከተማችሁን፣ በቡራዩ፣ በሰበታ ወይም በለገጣፎ በኩል ከሆናችሁ የሸገር ከተማን አስተዳደር ማለት ነው። ፈቃድ የሌለው ሥራ መሀል ላይ ሲቆም ጣሪያው ተከፍቶ ይቀራል፤ ትልቁ ጉዳት ያ ነው።

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ሰማዩ ደረቅ ነው፣ እንጨቱ ይደርቃል፣ ጣሪያ ከፍቶ ማደርም አያስፈራም። ከየካቲት በኋላ የበልግ ዝናብ ሊያገኛችሁ ይችላል። በሰኔ የሚጀምር ሰው የሚገጥመው እንጨት ሁሉ እርጥብ ነው።

3. ጣሪያውን አድርቁ

ሚስማሩ የላላበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የሠራተኛ ስንፍና አይደለም። ቆርቆሮ በቀን ፀሐይ ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። የ5 ሜትር ቆርቆሮ በ40 ዲግሪ ልዩነት ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ መልሶ ያጥራል። ይህ በየቀኑ ለዓመታት ሲደጋገም ሚስማሩን ከእንጨቱ ይነቅለዋል፣ ቀዳዳውንም ያሰፋዋል። ስለዚህ የላላውን ሚስማር መልሶ መምታት ለአንድ ክረምት ብቻ ነው የሚያዋጣው። ንቀሉትና የጎማ ዋሸር ባለው፣ ከቀድሞው በሚወፍር ቪቴ ተኩት። ጎማው እስኪጨመቅ አጥብቁ፤ ተጨፍልቆ ከብረቱ ሥር እስኪወጣ ግን አይደለም፣ የተጨፈለቀ ጎማ ቶሎ ይሰነጠቃል።

ቪቴው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይግባ። ውሃ የሚወርደው በጎድጓዳው ነው፤ እዚያ የተበሳ ቀዳዳ ቀኑን ሙሉ ውሃ ይረግጠዋል።

ዝገቱን በካቻቪቴ ጫፍ ጫን እያላችሁ ፈትኑ። ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ በብረት ብሩሽ ፍቃችሁ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት። ጫፉ ከገባ ቆርቆሮው ይቀየር። የላይኛው ቆርቆሮ በታችኛው ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይረፍ፤ ጣሪያው ዘቅዛቃነቱ ትንሽ ከሆነ ከዚያም በላይ። በጎን ቢያንስ አንድ ተኩል ሞገድ ይደራረብ።

ከቆርቆሮው ይልቅ የሚያፈስሱት ሦስት ቦታዎች ናቸው። የመጀመሪያው የጣሪያው አናት ላይ ያለው መክደኛ፣ ኮልሞው ነው፤ ነፋስ ያዘለ ዝናብ ከሥሩ ይገባል። ሁለተኛው ጣሪያው ከግድግዳ ጋር የሚገጥምበት፣ ብዙ ጊዜ በሲሚንቶ የተለጠፈ መስመር ነው። ቆርቆሮው ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶው አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ይሰነጠቃል። ሲሚንቶውን አንሱትና በላሜራ የታጠፈ መሸፈኛ አስገቡ፤ አንደኛው ጠርዙ ግድግዳው ውስጥ ይቀበር፣ ሌላው በቆርቆሮው ላይ በነፃነት ይረፍ። ሦስተኛው አሸንዳው ነው። በባህር ዛፍ ቅጠል የተደፈነ አሸንዳ በሐምሌ ዶፍ ሞልቶ ወደ ውስጥ ይገለበጣል፣ ውሃውም በቆጡ አግዳሚ ጫፍ ላይ ይተኛል። የአግዳሚ ጫፍ መበስበስ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው አሸንዳውን ነው።

ሲጨርሱ ክረምትን መጠበቅ አያስፈልግም። የቧንቧ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቃችሁ አንድ ሰው ከላይ በጎማ ከታችኛው ጠርዝ ወደ አናቱ ቀስ እያለ ያጠጣ፣ ሌላው ከውስጥ በባትሪ ይመልከት። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ቦታ ያረጥብና ከየት እንደገባ አታውቁም።

> ማስጠንቀቂያ፦ ቆርቆሮ ላይ ስትሄዱ የሚስማሩን መስመር ተከትላችሁ ርገጡ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። ጠዋት ጤዛ ሳለ አትውጡ። ጣሪያችሁ ከቆርቆሮ ይልቅ ግራጫ የድሮ ኢተርኒት (ከሲሚንቶ የተሠራ ክዳን) ከሆነ አትቁረጡት፣ አትብሱት፣ አትፈግፍጉት፤ የድሮው አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ብናኙም ከዓመታት በኋላ የሳንባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።

4. እንጨቱን አንድ በአንድ ፈትኑ

ካቻቪቴ ያዙና እያንዳንዱን አግዳሚና ወራጅ በሦስት ቦታ ውጉ፦ በሁለቱ ጫፎችና በመሀል። ጫፎቹን በደንብ፤ እርጥበት የሚያገኛቸው ግድግዳ ውስጥ የተቀበሩት ናቸውና። ካቻቪቴው ያለ ጉልበት 1 ሳንቲ ሜትር ከገባ እንጨቱ ሞቷል። በመዶሻ እጀታ ስትመቱት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ጤነኛ ነው፤ ባዶ ቅል የሚመስል ድምፅ ካለው ውስጡ ተበልቷል።

በግድግዳው ላይ ከመሬት ወደ ላይ የሚወጣ የጭቃ መስመር ካያችሁ የምስጥ መንገድ ነው። ከእንጨቱ ሥር ደቃቅ ዱቄትና ክብ ቀዳዳ ካያችሁ ደግሞ ነቀዝ ነው። ልዩነቱ ያስፈልጋል። ምስጥ ከአፈር ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ላይ ላዩን ብቻ መድኃኒት መቀባት አይበቃም፤ እንጨት ከአፈር ጋር የሚነካካበት ቦታ ሁሉ መቋረጥ አለበት። የቆጡ ቋሚ መሬት ውስጥ የተተከለ ከሆነ ጫፉን ቆርጣችሁ በድንጋይ ወይም በአርማታ መቀመጫ ላይ አቁሙት። ነቀዝ ያለው እንጨት ግን ራሱ መታከም ወይም መውጣት አለበት።

የድሮው እንጨት ቀላ ያለ፣ ሲፋቅ ሽታው ደስ የሚል ከሆነ የሐበሻ ጥድ ሊሆን ይችላል። ምስጥን በተፈጥሮው ይቋቋማል። አሮጌ ነው ብላችሁ አትጣሉት፤ ጤነኛ ከሆነ ዛሬ ከምትገዙት ይበልጣል።

> ማስጠንቀቂያ፦ ሰው በሚተኛበት ክፍል እንጨቱን የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡ። ሽታው ለዓመታት አይለቅም፣ እሳትም ያባብሳል። ለሰብል የሚረጭ ፀረ ተባይም በመኝታ ቤት አይረጭም። ለእንጨት ተብሎ የተሠራውን ግዙ፣ የተጻፈበትን መመሪያ ጠብቁ፣ እስኪደርቅም ማንም አይደርበት።

5. ወለሉን አጠንክሩ

ለመኖሪያ ክፍል ወለል የሚታሰበው ጭነት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ሁለት ኩንታል ጤፍ እንደተጫነ አስቡት። ዕቃ ለማስቀመጥ ብቻ ተብሎ በአጣና የተሠራ ቆጥ ለዚህ አልታሰበም። አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ሦስት ልጆች ከመውጣታቸው በፊት መጠናከር አለበት።

ሦስት መንገድ አለ፤ እኔ የምመርጠው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ሀ. መሀል ላይ ድጋፍ መጨመር። ከታች ያለው ክፍል የሚፈቅድ ከሆነ ከአግዳሚዎቹ መሀል ሥር አንድ ወፍራም ተሸካሚ በሁለት ቋሚዎች ላይ አቁሙ። አግዳሚው የሚዘረጋበት ርቀት በግማሽ ሲቀንስ መርገቡ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ከዚህ የሚያዋጣ ዘዴ አላገኘሁም። ቋሚዎቹ ግን በሊሾ ላይ ብቻ አይቁሙ፤ ሊሾው ይሰበራል። ከሥራቸው ሊሾው ተቆርጦ የአርማታ መሠረት ይሠራላቸው።

ለ. አግዳሚውን ማጣመር። ከድሮው ጎን አዲስ 5 በ15 አስጠግታችሁ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ እያደረጋችሁ በብሎን እሰሩ። መጀመሪያ በፑንቴሎ መሀሉን ቀስ በቀስ፣ በቀን ጥቂት ሚሊ ሜትር፣ ወደ ላይ አንሱት። በረገበበት ካሰራችሁት መርገቡን ለዘላለም ቆለፋችሁት ማለት ነው፤ በአንድ ጊዜ ከገፋችሁት ደግሞ ግድግዳው ይሰነጠቃል።

ሐ. ሙሉ በሙሉ መቀየር። 3 ሜትር ለሚዘረጋ ከ5 በ15 አያንስ፣ በየ40 ሳንቲ ሜትር። ርቀቱ ከ3.5 ሜትር ከበለጠ የእንጨቱንም ሆነ በምትኩ የሚገባውን የቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት) ልክ መሐንዲስ ያስላላችሁ።

እንጨቱ እንዴት እንደሚቀመጥ ልብ በሉ። 5 በ15 እንጨት በጠባቡ ጠርዝ ቆሞ ሲቀመጥ በጀርባው ከተጋደመው ዘጠኝ እጥፍ መርገብን ይቋቋማል። እንጨቱ አንድ ነው፣ ዋጋውም አንድ ነው። ሠራተኛው «ቁመት እንድናተርፍ» ብሎ ሲያጋድመው ዝም አትበሉ።

የአግዳሚው ጫፍ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር በግድግዳው ላይ ይረፍ። ባዶ ብሎኬት ላይ በቀጥታ አይረፍ፤ ቀዳዳው በአርማታ ይሞላ ወይም ጭነቱን የሚያከፋፍል የአርማታ ማሰሪያ ይኑረው። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ደግሞ ጭነቱን ቋሚ እንጨት ይሸከም እንጂ ጭቃው አይሸከምም።

ጣውላውን በሚስማር ፈንታ በቪቴ እሰሩት። ሚስማር ሲላላ በእያንዳንዱ እርምጃ ይጮኻል፣ ታች የተኛውንም ይቀሰቅሳል።

በእንጨት ቆጥ ላይ ሊሾና ሴራሚክ አታድርጉ። 5 ሳንቲ ሜትር ሊሾ ብቻውን በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ወለሉ ለሰው የተሰጠውን አቅም ግማሹን በላ ማለት ነው። የውሃ ሮቶም ወደ ቆጥ አይወጣም፤ 500 ሊትር ውሃ 500 ኪሎ ነው።

6. መስኮቱና ደረጃው

እነዚህ ግድግዳና ወለል ስለሚቆርጡ ከኮርኒስ በፊት ይጠናቀቁ።

እሳት ከታች ሲነሳ ጭሱ መጀመሪያ የሚሞላው ቆጡን ነው፣ ደረጃውም ጭስ ማውጫ ይሆናል። ስለዚህ ቆጡ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ሰው የሚያሾልክ፣ ቢያንስ 60 በ80 ሳንቲ ሜትር መስኮት ይኑረው። የሌባ መከላከያ ፍርግርጉ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን። በብየዳ የተዘጋ ፍርግርግ ያለው ቆጥ ላይ ልጅ አታስተኙ።

በመሰላል የሚወጣ ቆጥ መኝታ አይሆንም። የደረጃው ስሌት ቀላል ነው፦ የአንዱ እርከን ከፍታ ሁለት እጥፍና የመርገጫው ስፋት ሲደመሩ ከ60 እስከ 64 ሳንቲ ሜትር ይምጣ፤ የሰው እርምጃ ነው። ከፍታው 2.40 ሜትር ቢሆን 13 እርከን በ18.5፣ መርገጫው 26 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ወለል ላይ 3.12 ሜትር ይወስዳል። ቦታ ካጠረ 11 እርከን በ21.8፣ መርገጫው 20፤ 2 ሜትር ይበቃዋል፣ ግን ቀጥ ያለ ስለሆነ በሁለቱም በኩል መያዣ ያስፈልገዋል። እርከኖቹ ሁሉ እኩል ይሁኑ። እግር የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርከኖች ይለምድና ሌላውን ሳያይ ይረግጣል፤ አንዱ 2 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ የሚወድቁት እዚያ ላይ ነው።

የቆጡ አፍ ዙሪያ አጥር 1 ሜትር ይሁን፣ በፍርግርጉ መሀል ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ከዚያ ከሰፋ የሕፃን አካል ያሾልካል።

7. ኤሌክትሪክ

ይህን ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን ስጡ፤ እናንተ ማረጋገጥ ያለባችሁን ብቻ ልንገራችሁ። የቆጡ መስመር የራሱ ብሬከር ይኑረው። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ። ገመዱ ሁሉ በቱቦ ውስጥ ይሂድ፤ አይጥ የላጠችው ገመድ በደረቅ እንጨት መሀል እሳት ነው። በፕላስተር ተጠቅልሎ በኮርኒስ ሥር የሚደበቅ መገጣጠሚያ አትቀበሉ፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ የሚከፈት ሳጥን ውስጥ ይሁን። የእንጀራ ምጣድ ከቆጥ ሶኬት አይሰካ። ኮርኒስ ከመዘጋቱ በፊት የገመዱን መንገድ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ በኋላ ስዕል ለመስቀል ስትበሱ ይጠቅማችኋል።

8. አየርና ሙቀት

«ዝናብ የለም፣ ጣሪያውም ታድሷል፣ ግን በኅዳር ጠዋት ጠዋት ይንጠባጠባል» የሚል ጥያቄም ይደርሰኛል። ይህ ማፍሰስ አይደለም፣ የቆርቆሮ ላብ ነው። በበጋ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮው ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ የተኙ ሰዎች ትንፋሽና ከታች የሚወጣው የወጥ ቤት እንፋሎት እርሱ ላይ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። ማሸግ አያድነውም፣ ያባብሰዋል እንጂ።

መፍትሔው ቆርቆሮውን ከክፍሉ መለየትና በመሀላቸው አየር ማንሸራሸር ነው። ከቆርቆሮው ሥር 5 ሳንቲ ሜትር ባዶ ተዉ። በታችኛው ጠርዝ ዙሪያውን 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት፣ በአናቱም በኩል መውጫ አድርጉለት፤ ሁለቱንም በወንፊት ሽቦ ሸፍኑ፣ አይጥና ወፍ እንዳይገባ። ከባዶው ሥር የመስታወት ሱፉን በወራጆቹ መሀል አስገቡ፣ ከሱፉ ሥር በክፍሉ በኩል ፕላስቲኩን ወጥሩ። ፕላስቲኩ በክፍሉ በኩል የሚሆነው እንፋሎቱ ወደ ሱፉ ከመግባቱ በፊት እንዲቆም ነው። በቆርቆሮው ሥር በቀጥታ ከተለጠፈ እንጨቱ በእርጥበት መሀል ይታሸጋል።

ነጩ ፎም ሙቀት ይከላከላል፣ ግን የዝናብና የበረዶ ድምፅ ብዙም አይቀንስም፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ለድምፅ የሚሠራው ሱፍ መሰል ነገርና ከባድ ቦርድ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። የፍራሽ ስፖንጅ በጣሪያ ውስጥ በፍጹም አታስገቡ፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው፣ ሰውን ከእሳቱ ቀድሞ ይገድላል።

9. አሁን ኮርኒሱ

ለመኝታ ቆጥ ከቺፕውድ ጂፕሰም ቦርድ እመርጣለሁ። ቺፕውድ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም፤ ይቃጠላልም። ጂፕሰም እሳትን ለተወሰነ ጊዜ ይገታል። የምሳሌአችን ቆጥ ዘቅዛቃው ጣሪያ 16 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ 1.20 በ2.40 የሆነ ቦርድ 2.88 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ 6 ይበቃል፣ ከቁራጭ ብክነት ጋር 7 ግዙ።

ሞራሌዎቹን በየ40 ሳንቲ ሜትሩ እሰሩ፣ የቦርዱ ጫፍ ሁልጊዜ በሞራሌ መሀል ይረፍ። የቦርዶቹ መጋጠሚያ በአንድ መስመር አይሁን፤ እንደ ብሎኬት አደራረብ አፈራርቁት፣ ስንጥቁ እንዳይረዝም። መጋጠሚያውን በመረብ ቴፕና በስቱኮ ሙሉ፣ ሲደርቅ አሸዋ ወረቀት፣ ከዚያ ቀለም።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

ኮርኒስ ሰሪው ከጣሪያ ሠሪው ቀድሞ ይጠራል፤ ይህ የሁሉም ስህተት እናት ነው። ሌላው በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ ሲሊኮን እየደራረቡ መሙላት ነው፤ ዝገት ላይ ሲሊኮን አይዝም። ገመድ ለማሳለፍ አግዳሚን ከታች በኩል መቦርቦርም አለ፤ የአግዳሚ የታችኛው ጠርዝ ነው የሚሳበው፣ እዚያ የተቆረጠ እንጨት ከዚያው ይሰበራል። ቀዳዳ ካስፈለገ በከፍታው መሀል ይበሳ። ደረጃ ለማውጣት ሁለት አግዳሚ ቆርጦ ጫፋቸውን በአየር መተውም አይቻለሁ፤ የተቆረጡት በድርብ ተሻጋሪ እንጨት ከጤነኞቹ ጋር መታሰር አለባቸው።

> ከሁሉም የከበደ ማስጠንቀቂያ፦ ሰው በቆጥ ላይ ተኝቶ ሳለ ከታች ከሰል አይጨስ። ለቡናም፣ ለሙቀትም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሞቀው አየር ጋር ወደ ላይ ወጥቶ ቆጡ ውስጥ ይጠራቀማል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማስመለስ ምልክቱ ነው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ይሞታል። ምድጃውን ፍሙ ነጭ ከሆነ በኋላም ቢሆን አታስገቡ፣ ጋዙ ያኔም ይወጣል። ምልክት ያለበት ሰው ካያችሁ ወዲያው ወደ ውጭ አየር አውጡትና ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ኮርኒሱን ስትዘጉ በአንድ ጥግ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሚከፈት መፈተሻ ተዉ። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በዘነበ በማግስቱ ባትሪ ይዛችሁ አንገታችሁን አስገቡ። ሱፉን በእጃችሁ ዳስሱ፣ በጠመኔ ያሰመራችሁባቸውን እንጨቶች አንድ በአንድ እዩ። እርጥብ ካገኛችሁ ከላይ ያለው ቪቴ የትኛው እንደሆነ ምልክቱ ይነግራችኋል።